ከአራስ ቤት እስከ ኒው ዮርክ

ልጄን ከወለድኩ 14 ወር ሆነኝ። በእነዚህ ወራት «መቼ ነው እንደ ድሮሽ የምትሆኚው?» የሚለውን ያህል ደጋግሞ የቀረበልኝ ጥያቄ የለም። አንዱ ስለ ኪሎዬ ይጠይቃል፤ ሌላው ስለ ሥራዬ፤ ሌላዋ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ስለምንጠጣው ቡና። ጠያቂዎቹ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። ጥያቄው ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ወስኖ ነው የሚመጣው፤ የሴት ልጅ ምርጥ ጊዜዋ ከወሊድ በፊት ያለው እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜዋ ደግሞ ወደዚያ ለመመለስ የምትታገልበት እንደሆነ።

እኔ ደብረ ማርቆስ የምኖር የ32 ዓመት የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ትምህርቴም ሥራዬም ንግድ ነው፤ የስፖርት ጋዜጠኛ አይደለሁም። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ሲደጋገምብኝ አንዲት አትሌት ትዝ ትለኝ ጀመር። ማታ ማታ ልጄን እያጠባሁ በስልኬ የውድድር ታሪኳን ከዓመት ዓመት እየለቀምኩ አነበብኩ። አትሌቷ ጌጤ ዋሚ ናት። (ከዚህ በታች የውድድሮቹ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጫጫ የተነሳችው ሯጭ

ስለ ኢትዮጵያ ሴት ሯጮች ሲወራ በመጀመሪያ የሚጠሩት ደራርቱ ቱሉ፣ ጥሩነሽ ዲባባና መሠረት ደፋር ናቸው። ይገባቸዋል። ጌጤ ግን በእነዚህ ስሞች መካከል ትንሽ የተረሳች ትመስለኛለች። የተወለደችው በ1974 ጫጫ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ትንሽ ከተማ። ጫጫ እንደኛው አገር ደጋ ናት፤ የጠዋቱ ብርድ ጣት የሚያደነዝዝባት፣ ሰው ጋቢውን ሳይከናነብ ከቤት የማይወጣባት።

በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘች። በዚያው ዓመት የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች፤ በ1999ም ደገመችው። በዚያው በ1999 በስፔን ሴቪያ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደች። በዚያ ውድድር ላይ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ አብዛኛውን ርቀት እየመራች ስታስኬደው ቆይታ፣ በመጨረሻው ዙር ጌጤ አለፈቻት። በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ብር፣ በ5 ሺህ ነሐስ አገኘች። በ2001 በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ደራርቱ፣ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ተከታትለው ገብተው የ10 ሺህ ሜትሩን ሜዳልያ ለሌላ አገር ሳያስተርፉ ወሰዱት። አራተኛዋ ፓውላ ነበረች።

በሲድኒ ጌጤን የቀደመቻት ደራርቱ በዚያን ጊዜ የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነበረች። ስለዚህ አንዲት እናት በዓለም ምርጥ ልትሆን እንደምትችል ጌጤ ያወቀችው ከማንም ሰምታ አይደለም። ጥቂት ሜትር ከፊቷ ስትሮጥ አይታለች።

ቦታው ሲያዝ

ጌጤ በ2003 ሴት ልጅ ወለደች። በዚያው ዓመት ብርሃኔ አደሬ በፓሪስ የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2005 በሄልሲንኪ ጥሩነሽ ዲባባ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ጠቀለለችው። በሌላ አነጋገር፣ ጌጤ አራስ ቤት ሳለች የቆመችበት ቦታ ሰው ይዞታል። ቦታውን የያዙት ደግሞ ባላጋራዎች አይደሉም፤ የአገሯ ልጆች፣ እሷ በሮጠችበት መም ላይ የተከተሏት ናቸው።

«እንደ ድሮሽ ሁኚ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ምን ሊጠቅማት ይችል ነበር? እንደ ድሮዋ ብትሆን እንኳ ድሮ የነበረው ውድድር አልጠበቃትም።

ጌጤ ርቀቷን አስረዘመች። ማራቶንን ከመውለዷ በፊት በ2002 በአምስተርዳም አንድ ጊዜ ሮጣ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ አሸንፋለች። ከወለደች በኋላ ግን ዋና መድረኳ አደረገችው። በመስከረም 2006 በበርሊን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ አሸነፈች። በሚያዝያ 2007 በለንደን ሁለተኛ ወጣች። በ10 ሺህ ሜትር የመጨረሻው ዙር ፍጥነት የሚጠይቀውን ውድድር ለታናናሾቿ ትታ፣ ትዕግሥት፣ ስሌትና የተጠራቀመ ጉልበት ወደሚጠይቀው ተሻገረች።

ሠላሳ አምስት ቀን

በዚያን ጊዜ ቦስተን፣ ለንደን፣ በርሊን፣ ቺካጎና ኒው ዮርክ የተባሉት አምስት ታላላቅ ማራቶኖች አንድ ላይ ሆነው አዲስ የነጥብ ውድድር ጀምረው ነበር። በአንድ ማራቶን አንደኛ የወጣ 25፣ ሁለተኛ 15፣ ሦስተኛ 10 ነጥብ ያገኛል። በ2006 እና በ2007 በድምሩ ብዙ ነጥብ የያዘች ሴት 500 ሺህ ዶላር ትሸለማለች። ለእኔ ቢጤ የሽያጭ ሰው ይህ የሚገባ ቋንቋ ነው፤ የአንድ ቀን ገበያ ሳይሆን የሁለት ዓመት ሒሳብ።

መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም. አገራችን አዲሱን ሚሊኒየም ከተቀበለች ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። በዚያ እሑድ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በበርሊን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። እኔ ያኔ የ14 ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ በሰፈራችን ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኃይሌ ብቻ ነበር። በዚያው ቀን፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ጎዳና የሴቶቹን ውድድር ጌጤ በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ማሸነፏን ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

ያ ድል ነጥቧን 65 አደረሰው። የቅርብ ተፎካካሪዋ የላትቪያዋ ኤሌና ፕሮኮፕቹካ 55 ነበራት፤ በኒው ዮርክም ልትሮጥ ነው። ጌጤ ቤቷ ብትቀመጥ ፕሮኮፕቹካ ሁለተኛ በመውጣት ብቻ 70 ይኖራታል፤ ሽልማቱም ያመልጣል። የማራቶን ሯጮች ከአንዱ ውድድር በኋላ ለወራት ያርፋሉ፤ ብዙዎቹ በዓመት ከሁለት በላይ አይሮጡም። በበርሊንና በኒው ዮርክ መካከል የነበረው ጊዜ 35 ቀን ነበር።

ጌጤ ለመሮጥ ወሰነች። ኅዳር 4 ቀን 2007 በኒው ዮርክ መነሻ መስመር ላይ አጠገቧ የቆመችው ያቺው የሴቪያዋ ፓውላ ራድክሊፍ ናት። ፓውላም በዚያው ዓመት በጥር ወር ወልዳ ነበር፤ ገና አሥር ወር አልሞላትም። ሁለቱ እናቶች ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሌሎቹ ተነጥለው ሄዱ። ፓውላ ፊት፣ ጌጤ ከኋላዋ፤ ልክ ከስምንት ዓመት በፊት እንዳደረጉት። መጨረሻው ሲቃረብ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ጌጤ አስፈንጥራ አለፈቻት። የሴቪያው ታሪክ ሊደገም ነው ሲባል ፓውላ መልሳ አለፈቻትና በ23 ሰከንድ ቀድማ ገባች። ፕሮኮፕቹካ ሦስተኛ ሆነች።

ጌጤ በዚያ ቀን ተሸነፈች፤ የሁለት ዓመቱን ሒሳብ ግን 80 ለ65 ዘጋችው። 500 ሺህ ዶላሩም የእሷ ሆነ። ዕድሜዋ 32 ነበር። ይህን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ተኝታ ያለችውን ልጄን ለረጅም ጊዜ አየኋት።

በረዶ የሚጠርጉት ሴቶች

ይህ የሩጫ ብቻ፣ ወይም የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ እንዳይመስላችሁ ከሩቅ አገር አንድ ልጨምር። ከርሊንግ የሚባል የክረምት ስፖርት አለ። አንዷ ተጫዋች 20 ኪሎ የሚጠጋ እጀታ ያለው የግራናይት ድንጋይ በበረዶ ሜዳ ላይ ታንሸራትታለች፤ ሁለት ጓደኞቿ ከድንጋዩ ፊት ፊት እየሄዱ በረዶውን በመጥረጊያ መሰል ዘንግ ይፈትጋሉ። ፍትጊያው የድንጋዩን ፍጥነትና አቅጣጫ ይለውጣል። ቪዲዮውን ለእማዬ ባሳየኋት ጊዜ ትኩር ብላ አየችና «በመጥረግም ሜዳልያ አለ? እስከ ዛሬ ስንቱ በከንቱ ቀርቶብናል!» ብላ አሳቀችን።

ከዚህ ስፖርት ከሚታወቁት ጃፓናውያን አንዷ አዩሚ ኦጋሳዋራ ናት። ያደገችው በሆካይዶ ደሴት ቶኮሮ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። በ2002 እና በ2006 የክረምት ኦሊምፒኮች አገሯን ወክላ ተጫውታ ከስፖርቱ ራቀች፤ በ2009 ልጅ ወለደች። ከዚያ በኋላ በአካባቢው ባንክ ስፖንሰርነት በተቋቋመ አዲስ ቡድን ውስጥ ገብታ በ2014 ወደ ሶቺ ኦሊምፒክ ሄደች። በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ላይ የጃፓንን ሰንደቅ ዓላማ ይዛ የገባችው እሷ ነበረች፤ የ35 ዓመት እናት።

በማርኬቲንግ ዓይን ካየሁት፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሰንደቅ ዓላማው ይልቅ የሚስበኝ ባንኩ ነው። ከውድድር ርቃ የቆየችን እናት አምኖ ገንዘብ ያወጣ ተቋም ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። አሜሪካዊቷ ሯጭ አሊሰን ፊሊክስ በ2019 በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ በጻፈችው ጽሑፍ፣ ናይኪ ከወሊድ ጋር በተያያዘው ጊዜ ኮንትራቷን ሲያድስ ከቀድሞው 70 በመቶ ዝቅ ያለ ክፍያ እንዳቀረበላት ተናግራለች። ከሷና ከሌሎች ሯጮች አቤቱታ በኋላ ኩባንያው በዚያው ዓመት የእናቶችን ኮንትራት የሚመለከተውን ደንብ አሻሻለ። ፊሊክስም በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሁለት ሜዳልያ ጨምራ የኦሊምፒክ ሜዳልያዎቿን 11 አደረሰች።

እንግዲህ እናቲቱ ብቻዋን ጠንካራ መሆኗ አይበቃም። ድንጋዩ የሚደርሰው ከፊቱ የሚጠርግለት ሲኖር ነው።

የእኔ መስመር

አሁን ወደ ደብረ ማርቆስ ልመለስ። የምሠራበት ድርጅት የምግብ ዘይት፣ ሳሙናና የመሳሰሉትን ያከፋፍላል። ሥራዬ ከጅምላ ነጋዴዎችና ከቸርቻሪዎች ጋር መገናኘት ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን መንገድ ላይ ነኝ፤ በአንድ በኩል ደጀንና ቢቸና፣ በሌላ በኩል ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ። የነጋዴዎቹን ስም፣ የልጆቻቸውን ስም፣ ማን በዱቤ ወስዶ በቀኑ እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያዘገይ በቃሌ አውቃለሁ። ደመወዜ ላይ የቀን አበልና የሽያጭ ኮሚሽን ይጨመራል፤ የቤታችንን ኪራይ የምንከፍለው በዚያ ጭማሪ ነበር።

ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ መስመሩ በሙሉ ለአንድ ወንድ ባልደረባዬ ተሰጥቷል። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ሪፖርት እንድሠራ ተወሰነ። አለቃዬ በትሕትና ነው የነገሩኝ፤ «እረፍት ይሁንሽ ብለን ነው፣ ልጅሽን አሳድጊ» አሉኝ። ማንም አልጠየቀኝም። ደመወዜ አልተነካም፤ አበሉና ኮሚሽኑ ግን ከመስመሩ ጋር ሄደ። ባልደረባዬ ጥፋት የለበትም፤ የተሰጠውን ነው የተቀበለው።

ለሁለት ወር ያህል ያሰብኩት «መስመሬን መልሱልኝ» ብዬ ስለ መከራከር ነበር። የጌጤን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት በዚያን ሰሞን ነው። አንድ ማታ ከባለቤቴ ጋር ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። በሳምንት ሦስት ቀን መንገድ ላይ ማደር አሁን ለእኛ ቤት ይሆናል ወይ? አይሆንም። ሳልሄድ ልሠራው የምችለው የትኛው ነው? ካልሄድኩ የሚበላሸውስ? የሽያጫችን ትልቁ ድርሻ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ እንደሚመጣ ከራሴ የድሮ ሪፖርት አወጣሁ። ትንንሾቹ ሱቆች በስልክና በቴሌግራም ማዘዝ ከለመዱ ቆይተዋል። ስለዚህ አዲስ ሐሳብ ጻፍኩ፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ ለሁለት ቀን፣ ወደ ሁለቱ ትልልቅ ገበያዎች ልውጣ፤ የቀረውን ጊዜ አዳዲስ ወኪሎችን በስልክ ልከታተል፤ የደጀንና የቢቸናው መስመር ከባልደረባዬ ጋር ይቆይ።

ጉዳዩ የድርጅቱ ብቻ አልነበረም። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፤ ክፍለ ጊዜውን እኔ በምወጣባቸው ቀናት ከሰዓት በኋላ እንዲሆንለት ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ተቀያየረ። እማዬ ከቢቸና መጥታ አብራን ትኖራለች። ጡቴን እያለብኩ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ስጀምር መጀመሪያ ላይ ፊቷን አጨፍግጋ ነበር፤ ኋላ ግን ለጎረቤት የምታስረዳው እሷ ሆነች። የመጀመሪያውን ጉዞ በሄድኩበት ሌሊት ልጄ እስከ ሰባት ሰዓት አልተኛችም። አባቷ በጀርባው አዝሏት ግቢውን ሲዞር እንዳደረ የነገረችኝ እማዬ ናት፤ እሱ አልነገረኝም።

ድርጅቱ ሐሳቤን በከፊል ተቀበለ። ጉዞው ተፈቀደ፤ አበሉም ተመለሰ። የኮሚሽኑ ጉዳይ ግን እስካሁን አልተወሰነም፤ ማመልከቻዬ በሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከሦስት ወር ወዲህ ሁለቱ ገበያዎች ያዘዙትን መጠን ከማመልከቻዬ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ቁጥሩ ይናገር ብዬ።

ከቤት የሚጀምረው

ይህን የምታነቡ ባለትዳሮች፣ ምናልባት አንዳችሁ ወላድ ናችሁ፤ ምናልባትም በመሥሪያ ቤታችሁ ከወሊድ የምትመለስ ሴት የምትጠብቁ አለቆች ናችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ክፍያ ጋር ይሰጣል። ለአባት ሦስት ቀን ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ገንፎው እንኳ በወጉ ተበልቶ አያልቅም። ከዚያ በኋላ ያለውን አዋጁ አይሸፍነውም፤ የሚሸፈነው በቤተሰብ ስምምነት ነው።

ስለዚህ አንዲት እናት ወደ ሥራ ስትመለስ የሚጠቅማት ጥቂት ነገር ነው። አለቃዋ ቦታዋን ከመወሰኑ በፊት ይጠይቃት። «እረፍት ይሁንልሽ» ማለት ደግነት ሊሆን ይችላል፤ ሳይጠየቁ የሚሰጥ እረፍት ግን ከደመወዝም ከእድገትም ይቀንሳል። ባሏ «ልርዳሽ?» ከሚል ይልቅ የትኛው ቀን የእሱ እንደሆነ ይወቅ። እሷም የድሮ ሥራዋን እንዳለ ለማንሳት ከመጣደፏ በፊት ወረቀት ይዛ ትቀመጥ፤ የትኛው ለታናናሾቿ ሊተው ይችላል፣ ዕድሜና ልምድ የሚያስፈልገው የትኛው ነው? እናት ወይም አማት በቅርብ የሌላት ሴት ይህ ሁሉ እጥፍ እንደሚከብዳት አውቃለሁ፤ ለእሷ ጎረቤትና ጓደኛ ከምክር ይልቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ልጅ ቢይዙላት ይበልጥ ይጠቅሟታል።

ጌጤ ከ10 ሺህ ሜትር ወደ 42 ኪሎ ሜትር ስትሻገር ፍጥነቷን ለታናናሾቿ ትታላቸዋለች፤ ሴቪያ ላይ የተማረችውን ትዕግሥት ግን ይዛው ሄዳለች። እኔም የነጋዴዎቹን ስም አልረሳሁም።

ነገ ጠዋት በ12 ሰዓት ወደ ፍኖተ ሰላም እነሳለሁ። ከዚያ ወደ ቡሬ አልፋለሁ፤ ከነገ ወዲያ ማታ ቤቴ ነኝ። የልጄ ወተት ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። አባቷ ደግሞ ማታውን አንቀልባውን ከወንበሩ ጀርባ ላይ አንጠልጥሎታል።